ዱባው ራሱ ድስት ሲሆን፦ በማይክሮዌቭ ፈጥኖ ማብሰልና ዕቃ አለማብዛት

ዱባ ማብሰል የሚያታክተው በእሳቱ ሳይሆን ከእሳቱ በፊትና በኋላ ባለው ሥራ ነው። ልጣጩ ጠንካራ በመሆኑ ቢላዋውን ነክሶ ይይዛል፤ ሲከፈል በውስጡ ያለው ክርና ፍሬ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ተቆራርጦ በውኃ ሲቀቀል ደግሞ ድስቱ፣ ማጥለያው፣ መክተፊያው፣ ጎድጓዳ ሳህኑና ጭልፋው ተራ በተራ ለእጥበት ይሰለፋሉ። በማይክሮዌቭ ግን ይኸው ሥራ በአንድ ቢላዋ፣ በአንድ ሳህንና በአንድ ማንኪያ፣ ዱባው መካከለኛ ከሆነም በሩብ ሰዓት አካባቢ ሊጠናቀቅ ይችላል። ብዙ ሰው ፍጥነቱን ከመሣሪያው፣ የዕቃውን ማነስ ደግሞ ከአብሳዩ ብልሃት ቢቆጥረውም ሁለቱም የሚመነጩት ከአንድ ነገር ነው፤ ዱባ የሚበስልበትን ውኃ በሥጋው ውስጥ ይዞ፣ ያንን ውኃ የሚያፍንበትንም ክዳን በልጣጩ መልክ ለብሶ ስለሚመጣ፣ ድስቱም ውኃውም ክዳኑም እሱ ራሱ ነው። ይህ ከገባን ምን ያህል ደቂቃ፣ በምን ኃይል፣ ተከድኖ ወይስ ሳይከደን የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ መልሳቸው ቀላል ይሆናል።

ከመሣሪያው እንጀምር። በማይክሮዌቭ ምድጃ ውስጥ ማግኔትሮን የሚባል ክፍል አለ፤ ሥራውም በሴኮንድ 2 ቢሊዮን 450 ሚሊዮን ጊዜ ያህል የሚዋዥቅ የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ማመንጨት ነው። የውኃ ሞለኪውል አንዱ ጎኑ በመጠኑ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ጎኑ በመጠኑ ኔጌቲቭ ስለሆነ ሞገዱ አቅጣጫውን በቀየረ ቁጥር አብሮ ለመዞር ይሞክራል፤ ከጎረቤቶቹ ሞለኪውሎች ጋር ሲጋጭና ሲፋተግም የሞገዱ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ሞገድ ምግብ ሊያበስል እንደሚችል የታወቀው በአጋጣሚ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ፐርሲ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ለራዳር የሚያገለግል ማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ የነበረው ጣፋጭ መቅለጡን አስተዋለ ይባላል። በተራ ምድጃ ሙቀቱ ከእሳቱ ወደ ድስቱ፣ ከድስቱ ወደ ውኃው፣ ከውኃው ወደ ዱባው ገጽ፣ ከገጹም ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይጓዛል። እዚህ ግን ሞገዱ ሳህኑንና አየሩን ብዙም ሳያሞቅ አልፎ በቀጥታ ዱባው ውስጥ ካለው ውኃ ጋር ይገናኛል።

ዱባ ደግሞ ከውኃ በቀር ሌላ ብዙ ነገር የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለጋው አረንጓዴ ዝኩኒ ከክብደቱ 95 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው፤ ትልቁ ብርቱካናማ ዱባ 90 በመቶ ገደማ፤ ቅርጹ እንደ ጠርሙስ የሆነውና ሥጋው ጠጠር ያለው ዱባ እንኳ ከ85 በመቶ በላይ ውኃ አለው። እንግዲህ ዱባን በድስት ውኃ መቀቀል ማለት ውኃን በውኃ ውስጥ ከትቶ ማሞቅ ማለት ነው። በዚያ ላይ የድስቱ ውኃ ጣዕሙንና በውኃ የሚሟሙትን ቫይታሚኖች ከዱባው እየመጠጠ ይወስድና በመጨረሻ ከማጥለያው ሥር ይደፋል።

ጊዜውን በግምት ብቻ ሳይሆን በስሌትም መድረስ ይቻላል። አንድ ኪሎ ዱባን ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ 310 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። 800 ዋት የሚሰጥ ምድጃ በየሴኮንዱ 0.8 ኪሎ ጁል ስለሚያስገባ፣ ምንም ሳይባክን ሁሉም ዱባው ውስጥ ቢቀር ሥራው በስድስት ደቂቃ ተኩል ያልቃል። እውነታው ከዚህ ትንሽ ይረዝማል፤ ሳህኑም በመጠኑ ይሞቃል፣ እንፋሎትም ያመልጣል፣ ዱባው ከፈላ በኋላም ለመለስለስ ጥቂት ደቂቃ ይሻል። ስለዚህ በአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 14 ደቂቃ ብሎ መነሣት ያስኬዳል። ከዚሁ ስሌት አንድ ተጨማሪ ነገር ይወጣል፦ ዱባው በእጥፍ ሲጨምር ጊዜውም በእጥፍ ሊጠጋ ይጨምራል። በትልቅ መጋገሪያ ምድጃ ውስጥ አንድም ሆነ አራት ዱባ ቢገባ ጊዜው ያን ያህል አይለያይም፤ በማይክሮዌቭ ግን ያለውን ጉልበት የገባው ሁሉ ይካፈለዋል። ከሁለት ኪሎ በላይ የሆነ ዱባ በአንድ ጊዜ ለማብሰል መሞከር ማይክሮዌቭ ያለውን ብልጫ በፈቃድ መተው ነው።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ እንለፍ፤ ምክንያቱም በዚህ ሥራ ላይ የሚደርስ ብልሽት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከእንፋሎት ጋር የተያያዘ ነው። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል። ሙሉ ዱባ ደግሞ ውስጡ ባዶ፣ ዙሪያው በጠንካራ ልጣጭ የታሸገ ዕቃ ነው። ያልተበሳ ዱባ ማይክሮዌቭ ውስጥ ማስገባት ማለት መተንፈሻ የሌለው የእንፋሎት ድስት መጣድ ማለት ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ከንባብ አይደለም። አንድ ምሽት የጨቅላ ራስ የምታህል ዱባ ሳልበሳ አስገብቼ ወደ ሌላ ሥራ ዞር ባልኩበት፣ በአምስተኛው ደቂቃ ገደማ በሩ በራሱ ተበርግዶ ተከፈተ፤ ዱባዋ ቁራጭ አልነበራትም፣ የምድጃውን ጣሪያ፣ ግድግዳና የአየር ማስወጫ ቀዳዳዎች ሁሉ የሸፈነ ብርቱካናማ ለጥፍ ሆና ነበር የጠበቀችኝ። ዕቃ ላለማጠብ ብዬ የጀመርኩት ሥራ ቀዳዳ ለቀዳዳ በጥርስ መጎርጎሪያ ስቆፍር አመሸኝ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ዱባ በገባ ቁጥር ቢያንስ በስምንትና በአሥር ቦታ፣ የቢላዋው ጫፍ ልጣጩን አልፎ ባዶው ሆድ እስኪደርስ ድረስ እበሳለሁ። ልጣጩን ጫር ጫር ማድረግ አይበቃም፤ ግፊቱ የሚጠራቀመው መሃል ባለው ባዶ ቦታ ነውና ቀዳዳው እዚያ መድረስ አለበት።

ሙሉ ዱባ ማስገባት ታዲያ ለምን ያስፈልጋል? ለማብሰል ሳይሆን ለመቁረጥ ነው። ጥሬ ዱባን በጉልበት ለመክፈል ሲታገሉ ቢላዋው ተንሸራትቶ እጅ መቆረጥ የተለመደ ነው። የተበሳው ዱባ ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ፣ ትልቅ ከሆነ እስከ አራት ደቂቃ ቢሞቅ ልጣጩና ከሥሩ ያለው ሥጋ በመጠኑ ይላላል፤ ጥቂት በረድ ካለ በኋላ ቢላዋው ቀደም ሲል ተቀርቅሮ ይቀርበት በነበረው ቦታ ሳይታገል ይገባል። ግንዱ ከቀረ ቢላዋው እሱ ላይ ስለሚያነክስ፣ ግንዱን መገንጠል ወይም ከጎኑ አልፎ መቁረጥ ይሻላል። መክተፊያም የግድ አይደለም፤ የሚበስልበት ሳህን ላይ እርጥብ ፎጣ ዘርግቶ እዚያው መክፈል ይቻላል፤ ፎጣው ዱባው እንዳይንከባለል ይይዘዋል፣ ከዚያም ራሱ ፎጣው ክዳን ሆኖ ያገለግላል።

ዱባው እንደተከፈለ፣ ወደ ምድጃው ከመመለሱ በፊት፣ ከሥጋው የጥፍር ያህል ቆርጦ በምላስ ጫፍ መቅመስ ይገባል። ይህን ምክር የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። የዱባ ዘመዶች በሙሉ ኩከርቢታሲን የሚባል በጣም መራራ የሆነ መርዝ የመሥራት ችሎታ በዘራቸው ውስጥ አላቸው። በዛሬዪቱ ሜክሲኮ ምድር ሰዎች ዱባን ማልመድ የጀመሩት ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ የዱር ዱባ ሥጋ መራራ ስለነበር መራራ ያልሆነውን እየመረጡ በመዝራት ነው ዛሬ የምንበላው ጣፋጭ ዝርያ የተገኘው። ይሁን እንጂ ለጌጥ ከሚተከል ዱባ ጋር ከተዳቀለ ዘር የበቀለ ተክል ያንን የጥንት ምሬት መልሶ ሊያመጣው ይችላል። ምሬቱን ሙቀት አያጠፋውም፤ በማይክሮዌቭም ሆነ በድስት ቢበስል መርዙ መርዝ ነው፤ የበላውንም ሰው ለከባድ ትውከትና ተቅማጥ ይዳርጋል። የቀመሱት ቁራጭ ከመረረ እሱን ተፍቶ ዱባውን በሙሉ መጣል እንጂ በስኳር ወይም በቅመም ለመሸፈን መሞከር አይገባም።

ፍሬውን ማውጣት አሁን ነው ወይስ ከበሰለ በኋላ? በዚህ ላይ የሰዎች አሠራር ይለያያል፤ የእኔ ምርጫ ከበሰለ በኋላ ማውጣት ነው። በጥሬነቱ ፍሬውን የያዘው ክር ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ስለሚታገል መቧጠጥን ይጠይቃል፤ ሲበስል ግን ክሩ ከሥጋው ላይ ይለቅና ማንኪያው አንድ ዙር ሲዞር ከነፍሬው ተጠቅልሎ ይወጣል። ፍሬውን ለብቻ አድርቆ ወይም ቆልቶ መብላት የሚፈልግ ሰው ግን በጥሬው ማውጣት አለበት፤ በእንፋሎት የራሰ ፍሬ ጥሩ አድርጎ አይቆላም።

የተከፈለው ዱባ ሳህኑ ላይ የሚቀመጠው የተቆረጠው ፊቱ ወደ ታች ተደፍቶ ነው። ጠቅላላው ዘዴ ያረፈው በዚህ አቀማመጥ ላይ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ሞገዱ በእርጥብ ምግብ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል የሚሞቀው እንደ ማንኛውም ምግብ ሙቀቱ ከውጭው ወደ ውስጥ ሲሻገርለት ነው። ድፍን ድንች ውጪው ሲበስል መሃሉ የሚዘገየው ለዚህ ነው። የተከፈለ ዱባ ግን ድፍን አይደለም፤ መሃሉ ክፍት ሆኖ ሥጋው ከሁለት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጎድጓዳ ነው፤ ስለዚህ ሞገዱ የማይደርስበት ጥልቅ መሃል የለውም ማለት ይቻላል። የተደፋው ጎድጓዳ ደግሞ ከሥሩ የሚወጣውን እንፋሎት ያፍነዋል፤ ከላይ ልጣጩ፣ ከታች ሳህኑ ይዘጋዋል። ሳህኑ ላይ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ማድረግ በቂ ነው፤ ያ ውኃ ዱባውን ለመቀቀል ሳይሆን፣ የዱባው የራሱ ውኃ መተንፈስ እስኪጀምር ድረስ የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይደርቅ ለመጠበቅ ነው። ፊቱ ወደ ላይ ከሆነ ግን እንፋሎቱ በቀጥታ ይበናል፤ ጠርዙ ይደርቃል፣ ይጨማደዳል፣ አንዳንዴም እንደ ቆዳ ይጠነክራል።

ሁለት ግማሾች ከሆኑ ከሚሽከረከረው ሳህን መሃል ይልቅ በዳርና በዳር ማስቀመጥ ይመረጣል። ሞገዱ የምድጃውን የብረት ግድግዳ እየመታ ሲመላለስ እርስ በርሱ ስለሚደራረብ፣ በአንዳንድ ቦታ በርትቶ በሌላው ደክሞ ይቀራል፤ በርቱዎቹ ቦታዎች አንዱ ከሌላው ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ሳህኑ የሚሽከረከረው ምግቡ በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ እንዲያልፍ ነው። ልክ መሃል ላይ የተቀመጠ ነገር ግን ባለበት ይዞራል እንጂ አያልፍም። አንገቱ ድፍን የሆነው የጠርሙስ ቅርጽ ያለው ዱባ ከሆነ ደግሞ ወፍራሙን አንገት ወደ ውጪ፣ ቀጭኑን ግድግዳ ወደ መሃል ማድረግ ልዩነት ያመጣል።

ክዳንን በተመለከተ ለዕቃ ቁጠባ የሚሻለው በመጠኑ የሚበልጥ ሌላ ሳህን መድፋት ወይም ቅድም ያልነውን እርጥብ ፎጣ ማልበስ ነው። ስስ ፕላስቲክ የሚጠቀም ሰው ለማይክሮዌቭ የሚሆን መሆኑን ያረጋግጥ፣ ከምግቡ ጋር እንዳይነካካ ያድርግ፣ አንድ ጠርዙንም ለእንፋሎት መውጫ ክፍት ይተው። በአሉሚኒየም ፎይል መሸፈን ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ብረት ሞገዱን ስለሚመልሰው ዱባው አይበስልም፣ የተጨማደደው የፎይሉ ጫፍም ብልጭታ ይረጫል። ሳህኑ ብርጭቆ ወይም ሸክላ መሆን ይኖርበታል፤ የወርቅ ወይም የብር መስመር ያለው ጌጠኛ ሳህን ያው ብረት ስለሆነ አይገባም። ሜላሚን የሚባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ሳህንም ለዚህ አልተሠራም።

ኃይሉን ስንመርጥ ጀማሪ የሚሳሳትበት አንድ ነጥብ አለ። ዱባን የሚያለሰልሰው ምን እንደሆነ እንይ፦ የዱባው ሴሎች እርስ በርሳቸው የተያያዙት ፔክቲን በሚባል ነገር ነው፤ ይህ ማያያዣ ከ85 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ እየላላ ይሄዳል፤ ለመላላት የሚፈልገው ግን በዚያ ሙቀት ላይ መቆየትን እንጂ ተጨማሪ ኃይልን አይደለም። ዱባው አንዴ 100 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ ሙሉ ኃይል ቢጨመርበት ሙቀቱ ከዚያ በላይ አይወጣም፤ የሚገባው ጉልበት በሙሉ ውኃን ወደ እንፋሎት በመለወጥ ያልቃል። መቶ ግራም ውኃ ለማትነን 226 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል፤ ይህም የ800 ዋት ምድጃ አምስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሥራ ነው። እንግዲህ በሙሉ ኃይል የቀጠለ ሰው ዱባውን አያፋጥነውም፤ ያደርቀዋል፣ ምድጃውንም በላብ ይሞላዋል። ለአንድ ኪሎ ዱባ እኔ የምሠራው መጀመሪያ ሰባት ደቂቃ ያህል በሙሉ ኃይል፣ ከዚያ አራት ወይም አምስት ደቂቃ በግማሽ ኃይል ነው። በብዙ ምድጃዎች ግማሽ ኃይል ማለት ማግኔትሮኑ ጥቂት ሴኮንድ እየሠራ ጥቂት ሴኮንድ ማረፉ ነው፤ ድምፁ ከፍ ዝቅ ሲል የሚሰማው ለዚያ ነው። በዕረፍቱ ጊዜ ሙቀቱ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ክፍል እየተሻገረ ይስተካከላል።

ካለቀም በኋላ በሩን ከፍቶ ወዲያው አለማውጣት ጥሩ ነው። ለአምስት ደቂቃ ተከድኖ ባለበት ቢቆይ በታፈነው ሙቀት ብቻ መብሰሉን ይቀጥላል፤ ሊወጣ ሲል ጠጠር ያለ የሚመስለው ክፍል ብዙ ጊዜ በዚህ ቆይታ ይደርሳል። መድረሱ የሚታወቀው በዓይንም በእጅም ነው፦ ልጣጩ አንጸባራቂነቱን አጥቶ ይደበዝዛል፣ በጣት ጫን ሲሉት ሰርጎድ ይላል፣ ሹካ ከልጣጩ በኩል ሲወጋው ወደ ሥጋው ያለ ክርክር ይዘልቃል። የሚፈተነው ወፍራሙ ቦታ መሆን አለበት፤ ስሱ ጠርዝ ሁልጊዜ ቀድሞ ስለሚበስል ያታልላል። የተደፋውን ግማሽ ሲገለብጡ ፊትን ራቅ አድርጎ፣ በሩቅ በኩል ያለውን ጠርዝ ቀድሞ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ከሥሩ የሚፈነዳው እንፋሎት ከፈላ ውኃ ባላነሰ ያቃጥላል።

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው፣ የዱባ ዓይነቶችም አበሳሰላቸው ለየቅል ነው። ከላይ ያለው ልጣጩ ጠንካራ ለሆነውና ለብዙ ወራት ለሚቀመጠው ዱባ ይሠራል። ሲበስል ሥጋው እንደ ፓስታ ክር ሆኖ የሚፈታው ቢጫ ዱባ ግን ለብቻው አንድ ነገር ይፈልጋል። ክሮቹ ከጫፍ ወደ ጫፍ ሳይሆን በወገቡ ዙሪያ የተጠቀለሉ ስለሆኑ ረጅም ክር የሚወድ ሰው ዱባውን በቁመቱ ሳይሆን በወገቡ መቁረጥ አለበት፤ ከመጠን በላይ ከበሰለም ክሩ ወደ ገንፎነት ስለሚለወጥ ጊዜውን ማሳጠር ይሻላል። ዝኩኒን የመሰለው ለጋ ዱባ ደግሞ ልጣጩ ስስ፣ ውኃው ብዙ በመሆኑ መድፋትም መብሳትም አያስፈልገውም፤ ጣት በሚያህል ውፍረት ተቆርጦ፣ ያለ አንዳች የተጨመረ ውኃ ተከድኖ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ይበቃዋል።

በኩብ የተቆረጠ ጥሬ ዱባ ማብሰል የሚመርጥ ሰው ሁለት ነገር ያስተውል። የመጀመሪያው፣ ጥቂት ደረቅ ቁራጮች ብቻቸውን ሲሆኑ ሹል ጠርዛቸው ላይ ብልጭታ ሊታይ ይችላል፤ ሲያዩት ያስደነግጣል፣ ቁራጩንም ጫፉ ላይ ያከስለዋል። መፍትሔው ማንኪያ ውኃ ጨምሮ መክደን ነው። ሁለተኛው ጨው ነው፤ ጥሬው ላይ የተነሰነሰ ጨው ከዱባው ውኃ ስቦ ገጹ ላይ ጨዋማ እርጥበት ይሠራል፣ ያ እርጥበትም ሞገዱን እዚያው ገጹ ላይ ስለሚያስቀረው ውጪው ሲደርቅ ውስጡ ይዘገያል። ጨው ከበሰለ በኋላ ይድረሰው።

ይህ ዘዴ የማያደርገውን ነገርም በግልጽ መናገር ተገቢ ነው። በማይክሮዌቭ የበሰለ ዱባ አይጠበስም፤ ቡናማ አይሆንም፤ የተጠበሰ ነገር ያለው ያ ጥልቅ ጣዕም አይኖረውም። መቡነን የሚጀምረው ገጹ ደርቆ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፤ እዚህ ግን ገጹ እርጥብ ሆኖ ከ100 ዲግሪ አያልፍም። ጥብስነት የሚፈልግ ሰው የበሰለውን ዱባ ቆርጦ በጋለ መጥበሻ ጥቂት ደቂቃ ቢያገላብጠው ያገኘዋል፤ የሚታጠብ አንድ ዕቃ ግን ይጨምራል፣ ያም የራሱ ውሳኔ ነው። ሞገዱ ምግቡን ያበላሻል ወይም ውስጡ ይቀራል የሚለው ሥጋት በበኩሉ መሠረት የለውም፤ ሞገዱ አተሞችን የሚሰብር ኃይል የለውም፣ ምድጃው ሲጠፋም መብራት ሲጠፋ ብርሃን እንደማይቀር ሁሉ ያበቃል። ውኃ ሳይበዛና ጊዜ ሳይረዝም ስለሚበስል እንዲያውም ቫይታሚን ሲ ከቅቅሉ ይልቅ እዚህ ይተርፋል። ብርቱካናማውን ቀለም የሚሰጠው ቤታ ካሮቲን የሚሟማው በስብ ስለሆነ፣ ዱባው ላይ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ማድረግ ሰውነት ይበልጥ እንዲጠቀምበት ይረዳል።

ዱባው ከበሰለ በኋላ ያለው ሥራ ጥቂት ነው። ማንኪያው መጀመሪያ ክሩንና ፍሬውን ያወጣል፣ ቀጥሎ ያው ማንኪያ ሥጋውን ከልጣጩ ይልጣል፤ በደንብ የበሰለ ከሆነ ልጣጩ ባዶ ሆኖ እንደ ወረቀት እጅ ላይ ይቀራል። መፍጨት ካስፈለገ ሌላ ዕቃ ሳይነካ ልጣጩን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ሹካ ውስጡ ማዞር ይቻላል፤ ቅመሙና ዘይቱም እዚያው ይገባሉ፤ ማዕድ ላይም ከነልጣጩ ይቀርባል። ሳህኑ ላይ የቀረው ጣፋጭ ውኃ ከሚፈጨው ዱባ ጋር ቢቀላቀል እንጂ ባይደፋ ይመረጣል። ሳህኑ ወዲያው ውኃ ከነካው ያለ ማሻሻ ይጠራል፤ ዱባው ደርቆበት ካደረ ግን ስኳሩ እንደ ሙጫ ይይዘዋል።

ምድጃው ውስጥ የተረጨ ካለ፣ በሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውኃ አድርጎ የእንጨት ማንኪያ ከጨመሩበት በኋላ እስኪፈላ ማቆየትና በሩን ሳይከፍቱ ጥቂት መተው በቂ ነው፤ እንፋሎቱ የደረቀውን ስለሚያርሰው በጨርቅ አንድ ጊዜ ሲጠረግ ይለቃል። የእንጨት ማንኪያው የሚገባው፣ ለስላሳ ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃ አንዳንዴ ሳይንተከተክ ከ100 ዲግሪ አልፎ ስለሚሞቅና ሲነኩት በድንገት ገንፍሎ ስለሚያቃጥል ነው።

የተረፈው ዱባ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ። የተፈጨ ከሆነ መልሶ ሲሞቅ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው እሱ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ከታች የተፈጠረው እንፋሎት ቀስ ብሎ መውጣት ያቅተውና እየፈነዳ ይተፋል። በረዶ ሆኖ የቆየ ከሆነም በረዶው ሞገዱን ከውኃው ይልቅ እጅግ በጥቂቱ ስለሚቀበል፣ ቀድሞ የቀለጠው ዳር እየፈላ መሃሉ ድንጋይ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ላላ ተደርጎ ተከድኖ፣ በግማሽ ኃይል፣ በየደቂቃው እየተቋረጠና ከመሃል ወደ ዳር እየተማሰለ ይሞቃል፤ ማማሰያውም ያው ማንኪያ ነው።